ጋሼ አስማረና አልነሳ ያለው ኮንቴይነር

ዛሬ ጠዋት ከሰፈሬ ከኪርያት ኖርዳው ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ላይ ነው ያነበብኩት። የጋሼ አስማረ ልጅ ናት የጻፈችልኝ፦ «አባዬ አረፈ።» የተሳሳተች መስሎኝ ደወልኩላት። አልተሳሳተችም። ልቡ ነው አሉ።

ሐሙስ ዕለት እኮ ምሳ አብረን በልተናል።

ለማታውቁት፦ አስማረ በልጅነቱ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ብዙ ዓመት ጋራዥ ሠርቶ ኋላ ላይ ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሰው ነው። ሥራ ቦታ ሁሉም በዕብራይስጥ ስሙ «አሸር» ይሉታል። ጋሼ የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰው ክሊኒክ ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ የሚይዝበት የኮምፒውተር ፕሮግራማችን ቆመ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ እኛ ኮንቴይነር በምንለው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሳጥን በተለየ ቦታ ታሽጎ ነው የሚሠራው። ስናስነሳው ወዲያው ይዘጋል። ለምን እንደሚዘጋም አይናገርም።

አለቃችን መጥቶ «ትናንት ማነው የነካው?» አለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ነክቼዋለሁ። በቃ ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

ጋሼ ወንበሩን እየጎተተ አጠገቤ መጣ።

«ስታስነሺው ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ውስጡ የተጻፈለትን ትእዛዝ።»

«እሱማ አንቺ ምንም ካላልሽው ነው። እስቲ ሌላ ንገሪው።»

ኮንቴይነሩን በምናስነሳበት የትእዛዝ መስመር ጫፍ ላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጨመረ፤ ፕሮግራሙን ተወውና ዝም ብለህ አስገባን የምትል። ኮንቴይነሩ አልተዘጋም። ገብተን ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየን። አንዱ ፋይል ስሙ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ፕሮግራሙ እሱን ፈልጎ ሲያጣ ነበር የሚዘጋው።

ስሙን የጻፈው ማን እንደሆነ አየን። ጋሼ ራሱ ነበር።

ከሁለታችን በቀር ያየ የለም። ከዚያ ተነስቶ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ በዕብራይስጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ የለችበትም» አለ።

ከምሳ በፊት ፕሮግራሙ ተነሳ። በዚያው ዓመት ጋሼ ሲጠብቀው የነበረው የቡድን መሪነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዚያ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም። አንድ ቀን ብጠይቀው «ተዪው ልጄ፣ ይልቅ የያዝሽውን አሳዪኝ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሬ ጎንበስ አለ።

ከዚያ ወዲህ በተቸገርኩ ቁጥር «እስቲ ሌላ ንገሪው» ይለኝ ነበር። አሁን አዲስ ለሚገቡት እኔ ነኝ የምላቸው።

ጋሼ፣ ያን ቀን አፍሬ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም። አመሰግናለሁም አላልኩህ። ከሰዓት በኋላ ልሸኝህ እመጣለሁ። ከአባትህ ጎን ነው የምታርፈው ብላኛለች ልጅህ። ደህና ሁንልኝ።