ከሰርቨሩ ያጠፋሁት ስም

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለነፍስ አባቴ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንባቢዬ፣ ላንተ የምነግርህም ስለማታውቀኝ ነው።

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የአንድ ኢንተርኔት ኩባንያ ቴክኒሻን ነበርኩ። ራውተሮቻችን የሚደርስባቸውን ሁሉ፣ መብራት መጥፋቱን፣ መስመር መቋረጡን፣ ማን ምን ትእዛዝ እንደሰጣቸው፣ ወደ አንድ ሰርቨር እንዲልኩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መልእክቶቹን ማንበብ የሚችለውም እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚህ ስንቴ ተኩራርቻለሁ!

ሃቡብ፣ የበረሃው አውሎ ነፋስ፣ ከተማውን አቧራ ባለበሰ ማግስት፣ አንድ ትእዛዝ ተሳስቼ ጻፍኩና ዋናውን መስመር ዘጋሁት። ደንበኞች በሙሉ ተቋረጡ። የዚያን ጠዋት የራውተሩን ክፍል አቧራ ስትወለውል የነበረችው ዘሃራ ናት፤ ከወሎ ከመጣች ብዙም ያልቆየች የጽዳት ሠራተኛችን። ሱዳናዊው ሙዲራችን፣ አለቃው፣ ሶኬት ነቅላ ነው ብሎ ደመደመ። ሰርቨሩ ላይ ግን መብራት ተቋረጠ የሚል ቃል አልነበረም፤ የነበረው የኔ ስም ነው፣ ከነትእዛዙ። አጠፋሁት። እኔ፣ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

አለቃው ጠርቶ ሰርቨሩ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር ይላል አልኩ። የዘሃራ አረብኛ «ጂቢ»ና «ሺሊ»፣ አምጪና ውሰጂ፣ ከሚሏት አያልፍም። ስለዚህ አስተርጓሚዋም እኔው ሆንኩ።

«ወንድሜ፣ ወላሂ ሶኬቱን አልነካሁትም። ልጆቼ የሚያድሩት በዚህ ሥራ ነው፤ ለሙዲሩ ንገርልኝ» አለችኝ።

ነገርኩላት። «ሳላውቅ ነቅዬዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ትላለች አልኩት አለቃውን። እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ ላስረዳላት የምለፋ መስሏታል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በባዕድ አገር የወንዜን ልጅ አገኘሁ ብላ የተደገፈችብኝን ሴት በገዛ አፏ ወነጀልኳት።

አለቃው «ኸላስ»፣ አበቃ፣ አላት፤ በዚያው ተባረረች። ከሥራ ስትወጣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሚያሳድስላት አጣች። በኋላ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ፖሊስ አፍሶ እንደወሰዳት ማዮ ሰፈር ከሚኖሩ ሐበሾች ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋን የሚያውቅ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ጠራርጌ ያጠፋሁት እውነት በምን ይጠራል?

ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው አልልም። ይቅርታም አልለምንም፤ ይቅር የምትለኝ እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ በደሌን አታውቅም። ያን ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቃኝ፣ «አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ ስለኔ ብዙ ለፋህ» ብላ መረቀችኝ።

«አሜን» አልኳት።