አክስቴን እምቢ ያላት ሲስተም

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ነው። ያኔ ከሥራ መልስ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ እማር ነበር። ወንድሜ «ደብተር ለምትሸጪው ኮዲንግ ምን ሊያደርግልሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ከሐዋሳ ዳር፣ ቱላ ነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ሰው የምትለየው በድምፅ ነበር። አንድ ሆስፒታል ለዓይን ቀዶ ሕክምና መመዝገብ ሲጀምር ሰው እየመራት ሦስት ጊዜ ሄደች። ሦስቴም «ሲስተሙ አልቀበልም አለ» ተብላ ተመለሰች። ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከሥራ አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ።

መዝጋቢዋ የአክስቴን ስም አስገባች፤ ትንሽ ጠበቀችና ራሷን ነቀነቀች።

«እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ። ሲስተሙ እምቢ ብሏል።»

«ለምን እምቢ አለ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ሲስተም ነው።»

ኮምፒውተር ዝም ብሎ እምቢ አይልም፤ ምን እንደጎደለው ይናገራል። የእኔ ኮድ በቀን ስንት ጊዜ እምቢ ሲለኝ ቀዩን ጽሑፍ ማንበብ ለምጃለሁ። በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ከገጹ ግርጌ በእንግሊዝኛ፣ በቀይ «ስልክ ቁጥር ያስገቡ» ይላል።

አክስቴ ስልክ የላትም። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው!

«የእኔን ቁጥር አስገቢው» አልኳት። አስገባችው፤ አክስቴ ተመዘገበች። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

«ይቺን መስመር የሚያነብ ጠፍቶ ነው ዓይኗ የማያይ ሴት ሦስት ጊዜ ከቱላ የተመላለሰችው?» ብዬ ጮህኩ።

«ወረፋ አለ፣ ዞር በይ» አለችኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ከኋላችን የቆሙ አንድ አዛውንት «እኔንም ትናንት እምቢ ብሎኛል» አሉ።

«ስልክ አለዎት አባባ?»

«የለኝም።»

ከመስኮቱ አልተነሳሁም። የልጃቸው ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ከኪሳቸው አስወጥቼ እሳቸውንም አስመዘገብኩ። ከእሳቸው በፊት ስንቱ ተመልሶ እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።

አክስቴ ታከመች፤ ዛሬ ሰው በመልኩ ትለያለች። ወንድሜም መሳቁን ትቷል። ደስ ይለኛል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። የዚያን ቀን በባጃጅ ስንመለስ እጄን ይዛ ያለችኝን መቼም አልረሳውም።

«እኔ እኮ ልጄ፣ ሲስተሙ አርጅታለች፣ ከእንግዲህ ማየት ምን ያደርግላታል ብሎ የተወኝ መስሎኝ ነበር።»