እሳትና ዲን

ዛሬ ጀርመን፣ ፌኸንሃይም ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየው አዳራሽ የአንዲት ልጅ የልደት ሻማ ላበራ ክብሪት ስጭር፣ ሽታው ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ። ያኔ ሰባኪያችን "እሳትና ዲን ይዘንብባችኋል!" ብሎ ሲጮኽ ፈርቼ፣ ጎረቤታችንን ኤርትራዊውን አባባ ኢድሪስን ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ዲን ያቃጥላል?"

"ለእኛ ለሙስሊሞች ዲን ሃይማኖት ነው" ብለው ሳቁ። ከዚያ ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። "ሰባኪያችሁ ያለው ግን ይሄን ነው፤ ጀርመኖቹ ሽቬፈል የሚሉትን ድኝ። ሰው ማስፈራራት ሲፈልግ እሳትና ዲን ይሰብካል። አንቺ ፈርተሽ አትጸልዪ።"

አሁን የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ።

"ዛሬ ስለ ገሃነም ንገሪያቸው" አሉኝ ፓስተሩ።

"አልነግራቸውም፣ ፓስተር።"

እኔም ወደ ልጆቹ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።