ድልድዩ ጋ ስንደርስ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ደባርቅ ላይ በክርክር ተጀመረ። በአስጎብኚነት ሠልጥኜ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ የመጀመሪያ እንግዶቼን ተረክቤያለሁ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ጎልማሶች፣ እንግሊዛውያን። ሐሳባቸው በሳንቃበርና በግጭ በኩል ጨነቅ ደርሰው፣ ከዚያ የቧሂትን ተራራ ተሻግረው ራስ ዳሸን መውጣት ነው። ከመነሣታችን በፊት ኃላፊያችን ወደ ጎን ጠራኝና፣ «ሴት አስጎብኚ ስንልክ ዐይን ሁሉ አንቺ ላይ ነው። እንግዳው ቅሬታ ካቀረበ ተራሽን ትለቂያለሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ አያ ሞላ ይባላሉ። አንድ የማይሽሩት ሥርዓት ነበራቸው። ጭነት ከመጫኑ በፊት እንግዳው ፊት ይቆሙና፣ «ሰው ቢታመም የሚወርድባት የትኛዋ ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። አስጎብኚው አንዲት በቅሎ ይመርጣል፤ ያቺ በቅሎ ኮርቻ ብቻ ተጭኖባት ባዶዋን ትከተላለች። እሷ ሳትመረጥ አንድ ጆንያ ከመሬት አይነሣም።

ጥያቄውን ለባልየው ተረጎምኩለት። ሳቀና፣ እንግሊዞች ገና ላልመጣ ነገር መጨነቅ ሲሰለቻቸው የሚሏትን ፈሊጥ ጣል አደረገ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንሻገረዋለን። ፈሊጧን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እወዳትም ነበር። ለአያ ሞላ ትርጉሟን ነገርኳቸው። «ችግሩ ሲመጣ ያን ጊዜ እናስብበታለን፣ ካሁኑ ምን አስጨነቀን ነው የሚለው።»

«ደግ ብሏል» አሉ አያ ሞላ ረጋ ብለው። «ሲመጣ ግን በቅሎይቱ ጭነቷን ይዛ ከፊት ሄዳለች። ማን ይመልሳታል በዪው እስቲ።»

ይህን ለእንግዳው ለስለስ አድርጌ ነገርኩት። ባዶ በቅሎ ማስከተል ሞኝነት ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ደረቅሁ፤ ዳማዋን በቅሎ መርጬ ኮርቻ አስጫንኩባት። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ወደ በቅሎዋ እያመለከተ «ዕረፍት የወጣችው እመቤት እንዴት ዋለች?» እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ። አልተቀየምኩትም፤ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር።

ጨነቅ በደረስን ማግስት ጠዋት ጫማውን ማሰር አቃተው። ጣቶቹ ክሩን ይስቱታል። ሲያስመልሰው እንዳደረ ሚስቱ ነገረችኝ። እስቲ ወደ ድንኳኑ ቀጥ ብለው ይራመዱ አልኩት፤ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄደ። የከፍታ ሕመም ነው፣ ያውም የከፋው። ከዚህ በላይ ከወጣ ሊሞት ይችላል። በሥልጠና የተማርኩት ነገር ነው፤ በዐይን ሲያዩት ግን ሌላ ነው።

«እንወርዳለን» አልኩት።

«ቧሂትን እንሻገር፤ ከባሰብኝ ያኔ...» አለና ያችኑ ፈሊጥ በተሳሰረ አንደበት ደገማት።

«ድልድዩ ጋ እኮ ደርሰናል» አልኩት በራሱ ቋንቋ። «ይኸው እዚህ ነው። የምንሻገረውም ወደ ታች ነው።»

ተቆጣ። ለዚህ ተራራ ዓመታት እንደተዘጋጀ፣ ስሜን ጠቅሶ እንደሚከሰኝ ነገረኝ። ፈራሁ፤ እንጀራዬ ነው። ቢሆንም፣ «ደባርቅ ገብተው ይክሰሱኝ» አልኩና ዞርኩ። «አያ ሞላ፣ ዳማዋን ያምጡልኝ።» ሚስቱ የባሏን ኮት ቆለፈችለት። ሦስታችን ደግፈን በቅሎዋ ላይ አወጣነው።

ያን ጊዜ እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም፤ መኪናም እንደ ልብ አይገኝም። አያ ሞላ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ይዘነው ሄድን። ሰውየው በተኮላተፈ ቃል ይሰድበኛል። «አይዞሽ፣ አንቺ ልጅ» ይሉኛል አያ ሞላ፤ «መሳደብ የቻለ ሰው ገና አልሞተም።» ወደ ሳንቃበር ስንቃረብ ቃላቱ እየጠሩ መጡ። ምን ብሎ እንደሚሰድበኝ አሁን በደንብ ይሰማኛል። በሕይወቴ ስድብ እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ደባርቅ ላይ ያየው ሐኪም፣ ሽቅብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር አለ። ሚስቱ እጄን ይዛ አለቀሰች። እሱ ግን ቅሬታውን አልተወም።

ኃላፊያችን ጠርቶኝ፣ «ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይብረድ» አለኝ።

«ሰውየውን በሕይወት ስላወረድኩት ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩት።

የዚያን ወቅት ተራዬን ተነጠቅሁ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ዳባት እናቴ ዘንድ ሄጄ ገብስ እያጨድኩ ንዴቴን በማጭዱ ተወጣሁ። በቀጣዩ መስከረም የአስጎብኚዎቹ ቢሮ ሲከፈት በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እግሬ እስኪደክም ድረስ በዚሁ ሥራ ኖርኩ።

የዛሬ ወጣት አስጎብኚዎች ያቺን ፈሊጥ ሲደጋግሟት እሰማለሁ። ጥሩ ፈሊጥ ናት። ግን ገና ላልታየና ቢቆይ ለማይጎዳ ነገር ነው የምትባለው፤ ነገ ዝናብ ይጥል ይሆን ለሚል፣ ራት ምን ይሆን ለሚል። ሰው እየተንገዳገደ አትባልም። ያን ጊዜ እንግዳው ይወርዳል። ተቆጥቶም ቢሆን ይውረድ።