የጠጅ ሣሩ መሃል

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ጠጅ ሣሬን ነቅዬ ስከፋፍል ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ሁለቴ ብታጠብም አልለቀቀኝም። ሎሚም፣ እርጥብ አፈርም የሚሸት ነገር ነው። ከታች የሚኒባሱ ረዳት “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” እያለ ይጮሃል። እኔ ግን እዚህ አልነበርኩም፤ ልደታ በነበረው የድሮ ግቢያችን ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ነበር።

በግቢያችን አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም “እትዬ” ይላቸዋል። የስፌት መኪናቸው ድምፅ ስለማይቋረጥ፣ ዝም ያለ ቀን አባቴ “ምነው፣ ታመው ይሆን?” ብሎ ይጠይቅ ነበር። በራቸው ሥር የበቀለው ጠጅ ሣር ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ማን እንደተከለው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። የግቢው ሻይ ሁሉ በእሱ ነበር የሚጣፍጠው። እንግዳ የመጣበት ቤት ልጅ ይልካል፣ እትዬም ከመኪናቸው ሳይነሱ “ቁረጪ፣ ሥሩን ግን እንዳትነኪብኝ” ይላሉ።

ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። ክረምቱ እንደወጣ ልንለቅ ነው። ጎረቤቱ ስለ ኮንዶሚኒየምና ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ፣ እትዬ ሐምሌ ላይ ካፊያ በሚጥልበት አንድ ጠዋት አካፋና የዳቦ ቢላዋ ይዘው ጠሩኝ።

“ይሄን ለዶዘር ትቼ አልሄድም” አሉ። “በበጋ ቢነቀል ይደርቃል። አሁን ነው ሥር የሚይዘው።”

ጠጅ ሣር ነቅለህ ታውቃለህ? መሬቱን ጨብጦ ይታገልሃል። ዙሪያውን ቆፍረን፣ ተጋግዘን ጆንያ ላይ ስናጋድመው ወገቤ ተቆረጠ። እትዬ ቢላዋውን ብዙም አልተጠቀሙበትም። አፈሩን አራግፈው ከዳር ጀመሩ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከነሥሩ በጣታቸው እየፈለቀቁ፣ የተጣበቀ ክር እንደሚለያዩ ሁሉ ሳይቸኩሉ። ከዚያ የጨርቅ መቀሳቸውን አወጡ። ያ መቀስ ከጨርቅ ሌላ ነገር አይነካም ነበር፤ ልጃቸው ወረቀት ቆርጣበት የደረሰባትን ቁጣ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። የዚያን ቀን ግን ረጅሙን ቅጠል በሙሉ ስንዝር እያስቀሩ ከረከሙበት። “ቅጠሉ ከበዛ ለሥሩ ሸክም ነው” አሉኝ። ዝናቡ ሻሻቸው ላይ እየወረደ እጃቸውን ሳይ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው መሆን አማረኝ። እስከ ዛሬም ያምረኛል።

ለየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ደረሰው። የተሰጠን ነገር ግን ዓይን የሚሞላ አልነበረም፤ ከዳር የተነሣ፣ ራሱን የተላጨ ቀጭን ነገር። ወፍራሙ መሃል በእትዬ ባልዲ ውስጥ ቀረ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ለሚያከብሩት ሰው ጠርዝ አይሰጥም። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ መሃሉ ለማን እንደሚሄድ የታወቀ ነው። እናቴና እትዬ አንዷ የሌላዋን አራስ ቤት የጠየቁ፣ ለቅሶም ደስታም ያልተለያዩ ሰዎች ናቸው። እናቴ ጣሳውን ተቀብላ “እግዜር ይስጥልኝ” አለች፤ ቤት እንደገባች ግን ፊቷ ተቀየረ።

“ለእኔም ጠርዙን! መሃሉን ለራሷ አስቀርታ ለእኔም እንደማንም ጠርዙን!”

ነገሩ የሣር አልነበረም። እትዬ ዘንድ ቦታ እንዳላት ታምን ነበር፣ ያንን ቦታ ያጣች መሰላት። ስንሰነባበት የሳመቻቸው በከንፈሯ ብቻ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ እትዬ አብነት ቤት ተከራዩ። በእግር የሚደረስ ነው። “ልሂድ እንጂ” እያለች እናቴ አንድም ቀን ሳትሄድ ቀረች።

በሦስተኛው ክረምት ሣራችን ከጣሳው ያዛወርንበትን ማሰሮ ሰነጠቀው። ነቅዬ እንደ እትዬ ከዳር ጀመርኩ፤ ዳሩ ነጭ ሥር የሞላው፣ አረንጓዴና ጠንካራ ነበር። መሃሉ ላይ ስደርስ ገለባ ሆኖ እጄ ላይ መጣ። ሥር የለው፣ ሕይወት የለው። እናቴን ጠራኋት። ተቀብላኝ በጣቷ ስታሸው ፍርፍር አለ።

ፍርፋሪውን ከመዳፏ አራገፈች። “እትዬ ታውቅ ነበር” አለች። “ነጠላዬን አምጪልኝ።”

እትዬ በራቸውን ሲከፍቱ ያ ባልዲ ደጃፉ ላይ ነበር። ጉቶው ጠቁሯል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ደርቆም ውሃ ያጠጡት ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አለች እናቴ፣ ሰላምታም ሳታቀርብ።

“ምን ልበል? ሕይወት ያለውን ለእናንተ ሰጠሁ ልበል? እንዲህ እያሉማ መስጠት አለ እንዴ!”

“ለራስሽስ?”

“ለሁሉም ቤት ሳዳርስ አለቀብኝ።”

እናቴ በፌስታል የያዘችውን ቁራጭ አወጣች። “ጠርዙን ነው ያመጣሁልሽ” ስትል እትዬ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ መቀሳቸውን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥተው “እስቲ አምጪው፣ ቅጠሉን ላሳጥረው” አሉ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜን አብነት ነበር የምትውለው።

እትዬ ካረፉ ቆዩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ናፍቆታቸው ይብስብኛል።

ዛሬ ጠዋት ከፊት ለፊቴ ወዳለው ቤት በቅርቡ ለገባችው ሙሽራ አንድ ቁራጭ በጣሳ ሰጠኋት። ጣሳውን አየች፣ ቀጥሎ በትከሻዬ በኩል ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ወፍራም መሃል አየች። “አመሰግናለሁ” አለች ቀዝቀዝ ብላ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

“ውሃ አትንፈጊው” አልኳት ብቻ። ከዚያ ገብቼ መሃሉን ውሃ አጠጣሁት።