አጎቴ ፈጣኑን ፎርማት የመረጠበት ምክንያት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ከቁም ሳጥን ያወጣሁትን አሮጌ ኮምፒውተር ስከፍተው የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዲስኩ ሲጥ ሲጥ እያለ መዞር ጀመረ። ባልደረቦቼ መስኮት ከፈቱ፤ እኔ ግን ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ሽታው ከመርካቶ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ወደነበረው የአጎቴ ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

አጎቴ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እየገዛ፣ እየጠገነ የሚሸጥ የመርካቶ ሰው ነበር። እኔን ከጉራጌ አገር አምጥታ ያሳደገችኝ ሚስቱ ናት፤ እትዬ ነበር የምላት። ትምህርቴን ስጨርስ ሱቁ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። የተገዙትን ማሽኖች ዲስክ አጽድቶ ለሽያጭ ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ሆነ።

ዲስክ ፎርማት ተደርጎ የሚጸዳው በሁለት መንገድ ነው። ፈጣኑ ወዲያው ያልቃል፤ ግን የመጋዘን በር ላይ የተለጠፈውን ማውጫ ቀዶ እንደመጣል ነው፣ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። የሚያውቅበት ሰው መልሶ ያወጣዋል። ሙሉው ግን እያንዳንዱን ጥግ ስለሚጠርግ ቀኑን ይበላል፤ ከእሱ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። እኔ ሁልጊዜ ሙሉውን እመርጥ ነበር። እትዬ ታማ ካረፈች በኋላ ግን አጎቴ ከለከለኝ። ፈጣኑን ብቻ አድርጊና ዲስኩን ለእኔ አስቀምጪልኝ አለ። ለምን ስለው፣ መብራት እየጠፋ ያስቸግረናል አለኝ። መብራት ሳይጠፋ በሚሰነብትበት ጊዜም ትእዛዙ አልተለወጠም።

ከዚያ ወዲህ በዓይኔ እከታተለው ጀመር። አርብ አርብ ጎረቤቶቻችን ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱና የተሸካሚዎቹ ጩኸት ጋብ ሲል፣ ምሳሽን ብዪ ብሎ ይሰደኝና የሱቁን በር እስከ ግማሽ ያወርደዋል። ስመለስ ስክሪኑን ያጠፋል። ምን ስትሠራ ነበር ስለው፣ ምንም ይለኛል። ዲስኮቹን ስነካቸው ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃሉ።

ከአጠገባችን የስልክ ሽፋን የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ ከተሸጡ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሴቶች ፎቶ እያወጡ የሚነግዱ አሉ ይባላል ብላ ሹክ አለችኝ። የማንንም ስም አልጠራችም። ዓይኗ ግን ወደ እኛ ሱቅ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አጎቴ የሚቆርስልኝን ዳቦ እንኳ ገፋ አድርጌ መተው ጀመርኩ። ያሳደገኝን ሰው እንዴት እጠረጥራለሁ እልና፣ መልሼ ደግሞ፣ ታዲያ ምን ይደብቀኛል እላለሁ።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት አስተማሪ መጣች። ላፕቶፗን ከሸጠችልን ብዙ ጊዜ አልሆነም። ከእጮኛዋ ጋር ተለያይታ ነበር። የሁለቱ ፎቶዎች እዚያው ውስጥ ስለነበሩ እንቅልፍ ማጣቷን ነገረችን።

"ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፣ አይደል?" ብላ አጎቴን ጠየቀችው።

"አታስቢ የኔ ልጅ፣ ጠፍቷል" አላት።

ዲስኩ ግን በፈጣኑ ብቻ ተጠርጎ፣ አጎቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልጅቷ አመስግና ስትወጣ አጎቴ ቀና ብሎ አላያትም። ያን ጊዜ ምን እያሰበ እንደነበር አሁን ልጠይቀው ብል እሱም የለም።

በዚያው ሳምንት አርብ ለምሳ ወጣሁና ሳልበላ ተመለስኩ። ሰማዩ ዳምኗል፤ ነፋሱ ከአትክልት ተራ በኩል የጎመን ሽታ ያመጣል። በግማሽ በወረደው በር ሥር አጎንብሼ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ከዲስክ የሚመለሱ ፋይሎች ይጎርፋሉ። በመሃል የአስተማሪዋ ፊት ብቅ አለ፤ ኬክ እየቆረሰች ትስቃለች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሰው ገመና ነው" አልኩት።

አልደነገጠም። እንዲያውም የደከመው ሰው መሰለኝ።

"የምፈልገው እሷን አይደለም" አለ። "እትዬሽን ነው።"

ከዚያ ነገረኝ። እትዬ ከመታመሟ በፊት ለመስቀል አገር ቤት በሄዱ ጊዜ፣ ስትስቅና ስትቀልድበት በስልኩ ቀርጿት ኖሯል። ቪዲዮውን የቤታችን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦት፣ ስልኩ በኋላ ጠፋበት። በሐዘኑ ሰሞን አሮጌ ማሽኖችን በጅምላ ሲሸጥ የቤታችንም አብሮ ሄደ። ገዢው ለማን እንደበተነው አያስታውስም፤ ዲስክ ደግሞ ከማሽን ማሽን ስለሚዘዋወር በመልኩ አይለይም። ከመርካቶ የወጣ ዕቃ ዞሮ መርካቶ ይመለሳል ብሎ፣ እጁ የገባውን ዲስክ ሁሉ ይበረብር ነበር።

"ፈጣኑን አድርገውት ከሆነ ትገኛለች" አለ። "አንቺ ሙሉውን ካደረግሽው ግን..." አልጨረሰውም።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ብነግርሽ አብረሽኝ ትፈልጊ ነበር፤ አንዴ ቀብረሻታል፣ በየዲስኩ እንደገና እንድትቀብሪያት አልፈለግሁም አለኝ።

ልቤ ተሰበረ። የአስተማሪዋ ፊት ግን አሁንም ስክሪኑ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ልጅቷ እንቅልፍ አጥታለች" አልኩት።

ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ።

"ሙሉውን አድርጊው" አለ።

"የእሷን?"

"ሁሉንም።" መሳቢያውን ስቦ የቀሩትን ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ጽዳቱን የሚያሳየው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ጎን ለጎን ተቀምጠን እሱን እናያለን።

"ድምጿ ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "እኔ እየጠፋብኝ ነው።"

ማታ ማታ የግቢው በር ሲንኳኳ ከጓዳ ሆና እንዴት እንደምትጠራው ትዝ አለኝ። እየፈራሁ፣ እንደሷ አድርጌ፣ "አንተዬ፣ መጣህ?" አልኩ።

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"መጨረሻዋን ትንሽ ሳብ ታደርጋት ነበር" አለ።

ሳብ አድርጌ ደገምኩለት።