ጫልቱን ከማስገባቴ በፊት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መክሊት ከሞጆ ደወለችልኝ። ደረቅ ወደቡ አካባቢ ሥራ ከያዘች ገና መንፈቅ አልሞላትም። “አክስቴ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አብረን ቤት እንከራይ አለችኝ። ጥሩ ልጅ ትመስላለች፤ ግን በደንብ አላውቃትም። ምን ትመክሪኛለሽ?” አለችኝ። ማታ እደውልልሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ግቢዬ ውስጥ ካለችው ፓፓያ ሥር ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ወደ ጫልቱ ሄደ።

አዳማ የመጣሁት ከአሰላ ነው፤ ከብርድ አገር ወደ ሙቀት። መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ፣ አዴ ሙሉ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የበጋው ነፋስ አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባ አልጋዬን ያለብሰዋል። እራቴ ብዙውን ጊዜ በመቂ ቲማቲም የተሠራ ፍትፍት ነበር፤ ቃሪያውን ስለማበዛው ዓይኔ ያለቅሳል። አንዳንዴ ግን የሚያስለቅሰኝ ቃሪያው አልነበረም። ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ብቻውን መጉረስ ቅጣት ነው።

ጫልቱ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር። የሻሸመኔ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስገዛ ተላመድን። ከተጠጋችበት ዘመድ ቤት መውጣት እንዳለባት ስትነግረኝ፣ “ለምን እኔ ጋ አትገቢም?” አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

“መጀመሪያ ስሚኝ” አለች። “ባሌን ጥዬ ጠፍቼ ነው የመጣሁት። ይፈልገኛል። ሐዋሳ ተከራይቼ ሳለ አግኝቶኝ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ጭምር ነው የመታት። እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም።”

እስከ እሑድ ላስብበት አልኳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ቤቴ ገባ፤ ጫልቱ ግን ገና አልገባችም። ነፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ እባንናለሁ። ከኋላዬ ጋሪ ሲመጣ ግድግዳ እጠጋለሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መድኃኒት ቤት ገባ። የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው። እየሰጠሁት ሳለ፣ “እህቴ፣ ጫልቱ የምትባል የሻሸመኔ ልጅ እዚህ ሰፈር ታውቂያለሽ? እናቷ በጠና ታመው ነው” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት። በትከሻው ላይ አሻግሬ ሳይ ጫልቱ መጥረጊያ ይዛ ከዳቦ ቤቱ ወጣች። ጀርባዋን ሰጥታን ደረጃውን መጥረግ ጀመረች። ሰውየው ሊዞር ሲል፣ “ቆይ፣ ትኩሳትስ አለህ? ጨጓራ ካለብህ ይሄኛው አይሆንህም” አልኩት። ሌላ መድኃኒት ፍለጋ መደርደሪያውን አመሰቃቀልኩት። ቀና ስል ደረጃው ላይ ማንም የለም።

እሱ ከሄደ በኋላ መንገዱን የተሻገርኩት ቤቴ ላስገባሽ አልችልም ልላት ወስኜ ነበር። ግን አስቀድሜ፣ “እናትሽ ታመዋል እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋት።

“እናቴ እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው” አለች። ወዲያው ገባት። ሽርጧን ፈታች፤ ወደ መተሐራ ልትሄድ ነው። እዚያም ማንም የላትም።

እጇን ይዤ ወደ አዴ ሙሉ ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳቸው። “እኔም ፈርቻለሁ” አልኳቸው።

“ሰውየው አንቺንም አይቶሻል። ብቻሽን ብትሆኚ ይሻልሻል?” አሉኝ። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረው፣ “ኮቱ፣ ሴኒ፤ ነይ ግቢ” አሏት።

ክረምቱ ሲገባ ባሏ መጣ። ልብስ እያጠብኩ ሳለ በሩ ተደበደበ። አዴ ሙሉ ገርበብ አድርገው ከፈቱና መግቢያው ላይ ቆሙ።

“ሚስቴን ጥሩልኝ” አለ።

“እዚህ ያሉት ልጆቼ ናቸው” አሉት።

የግቢው ተከራዮች አንድ በአንድ ወጡ። ጫልቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። “አልሄድም” አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። እያንዳንዳችንን አይቶ ሄደ። አዴ ሙሉ ቀበሌ ሄደው አመለከቱ። እሱ ግን ለብዙ ጊዜ ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ቆሞ ወደ በራችን ሲመለከት እናየው ነበር። አንድ ቀን ቀረ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

እኔ ባል እስካገባ ድረስ ከጫልቱ ጋር አብረን ኖርን። ዛሬ ባቱ ከተማ ትኖራለች፤ የራሷ ዳቦ ቤት አላት። እኔ ግን እስካሁን በር ሲንኳኳ ማን ነው ሳልል አልከፍትም። ልጆቼ ይስቁብኛል።

ማታ ለመክሊት ደወልኩላት። “ጥሩነቷን ተዪው፤ ስለ ራሷ ለመናገር የሚከብዳትን ነገር ነግራሻለች?” አልኳት። ልጅቷን እንደገና ልታነጋግራት ተስማማን። ጫልቱ ያን ጊዜ ምንም ሳትነግረኝ ሻንጣዋን ይዛ መግባት ትችል ነበር፤ ቤት ያስፈልጋት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ጋር ኖሬያለሁ፤ ቤት የሚያሳጣውን እውነት ከደጅ ቆሞ የነገረኝ ግን ከእሷ በቀር አላስታውስም።